የእናትህ እግር

ጂንካ፣ ኅዳር 27 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለውድ ዳርጌ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የኦሞራቴ ሙቀት አላከሳህም? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ሳትጨነቅ ዋናውን ልንገርህ፤ እናትህ ተርፈዋል፣ እግራቸውም አልተቆረጠም።

ሳልጽፍልህ የቆየሁት ተቀይሜህ ብቻ አይደለም። መጨረሻውን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጻፍልህ? አምና ከካኮ ገበያ ሲመለሱ የተሰበረው እግራቸው፣ ወጌሻ ካሰረው በኋላ ድኗል ብለን ነበር። ለካስ ቆዳው ከላይ ቢገጥምም አጥንቱ ውስጥ መግል ቋጥሮ ኖሯል። እህትህ ፀዳለ ሆስፒታል ስታመጣቸው በትኩሳት ይቃዡ ነበር። ዶክተር እዮብ ራጁን አይቶ የሞተውን አጥንት በቀዶ ጥገና አወጣ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእኛ የነርሶቹ ነው። ቁስሉ ከሥር እየሞላ እንዲመጣ ሳይሰፋ በየቀኑ ይታጠባል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሳይቋረጥ ለሳምንታት በደም ሥር ይሰጣል።

እናትህ ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዝውውርህን ተከትዬ ኦሞራቴ አልሄድም ብዬህ ከተለያየን ጀምሮ እንዳኮረፉኝ ታውቃለህ። ሌላ ሰው እንዲያጥባቸው ለፀዳለ ነገሯት። ሌላ ሰው ግን አልነበረም። ቁስሉን አጠብኩ፤ እግራቸውን በትራስ ከፍ አደረግኩ፤ እንቁላል ቀቅዬ አመጣሁ። እንቁላሉን ከፀዳለ እጅ በሉት።

ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ። ዶክተሩ የቀረ መግል ስላለ እንደገና መከፈት እንዳለበት፣ ያም ካልያዘ እግሩ እንደሚቆረጥ ነገረን። እናትህ ይህን ሲሰሙ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ፣ ከነእግሬ ልሙት አሉ። ፀዳለም ተሸንፋ ዕቃ መሸከፍ ጀመረች። እኔ ፋሻውን እየፈታሁ ነበር፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። እናትህ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ።

«አይሸትሽም?»

«ይሸተኛል፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?»

«እስኪጠፋ ነው የምመጣው። ዛሬ ከሄዱ ግን አይጠፋም።»

ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ኋላ ለፀዳለ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገሯት፤ እሷም የቋጠረችውን መልሳ ፈታች።

እንደገና ተከፈተላቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስጸልይ ነበር። ትኩሳቱ ወረደ፤ መግሉም እያነሰ ሄደ። አንድ ጠዋት ፋሻውን ስፈታ ከሥር ቀይ ጤነኛ ሥጋ ሲሞላ አየሁ። ዳርጌ፣ በዚህ ሥራ ስንቱን አይቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን መድኃኒት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን በምርኩዝ እስከ በረንዳው ይሄዳሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ይወጣሉ፤ ቁስሉ ጨርሶ እስኪገጥም ግን እኔ ጋ ይቆያሉ። ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው። ትናንት አጠገባቸው የተኛች የአርቦሬ ሴት፣ ይህቺ ነርስ ምንሽ ናት ብላ ጠየቀቻቸው።

«የልጄ ሚስት ናት» አሉ።

እኔም አላረምኳቸውም።

ለገና እንድትመጣ ይፈልጋሉ። አልጋውን ለእሳቸው ስለምለቅ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ገዝቻለሁ። ሰፊ ነው።

ጌታ በመግባት በመውጣትህ ይጠብቅህ፤ ሙቀቱንም ያብርድልህ።

የሺሃረግ