የዓፋፍ የወርቅ ቴምብር

ለተከበርከው ወንድሜ ለዑበይዳ ሙሐመድኑር፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ወንድም ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? ያመመህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ለምትተኛበት ክፍልስ አሠሪዎችህ ማራገቢያ ገዙለት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአሰብ ሙቀት በዚህ ወር በረድ ስላለልን ደጅ መተኛት ትተናል። ናፍቆትህ ብቻ ነው ያልበረደልን።

ይህን የምጽፈው ከሁሉም ተደብቄ ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ጽሑፌ ቢጣመም አትሳቅብኝ።

ነገሬ ለዓፋፍ ስለላክህላት የቴምብር አልበም ነው። በየወሩ ከደሞዝህ እየከፈልክ ያጠራቀምከው እንደሆነ፣ ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነም ዋጋው እንደሚጨምር፣ ተሸጦ አዲስ አበባ ታይፕ እንድትማርበት ብለህ ጻፍክ። ደብዳቤው ሲነበብ እኔ ሱቅ ውስጥ ጋዝ እቀዳ ነበር። ለእኔ የመጣው ሻሽ ነው። ሻሹ ቆንጆ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ታናሼ ዓፋፍ ወርቅ የተቀቡ የፈረስና የመርከብ ቴምብሮች ስታገላብጥ እኔ ሻሼን ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ። አንዴ ልንካው ብላት «እጅሽ ጋዝ ጋዝ ይላል፣ ዋጋውን ታወርጂብኛለሽ» አለችኝ። እሷ ራሷ በቅንድብ መንቀያ ወረንጦ ነበር የምትገልጠው። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «ማሻአላህ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ይላታል። እኔም እኮ እህትህ ነኝ፤ ወደ እኔ ዞሮ ያየ ግን የለም።

ባለፈው ወር አባባ አልበሙን እንዲሸጡላቸው ለጋሽ አባተ ሰጡ። ታውቃቸው የለም፣ ከወደቡ የስንዴ ዱቄት የሚጭኑት የተሳቢ ሾፌር። ጋሽ አባተ እውነተኛ ወርቅ መስሏቸው ኬላ ላይ እንዳይወረስ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀበሩት። ፈታሹ አገኘው። ገለጥ ገለጥ አድርጎ «እርጅና መጣ ጋሼ፣ የከረሜላ ወረቀት በዱቄት ይደበቃል እንዴ?» ብሎ ሳቀባቸውና መለሰላቸው። አዲስ አበባ ቴምብር የሚነግድ ሰው ዘንድ ሲወስዱት ደግሞ ሰውየው ገና ሽፋኑን ሲያይ «አባቴ፣ በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ይሄንኑ አምጥቶልኛል» አላቸው። የተወሰነ የተባለው ቁጥር መቶ ሺህ ይሁን ሁለት መቶ ሺህ ማን ቆጠረው አለ። ሻጩ ብዙ እንደሆነ፣ መልሶ የሚገዛ ግን እንደሌለ ነገራቸው። በመጨረሻም «ሽፋኑ ጠንካራ ነው፣ ለሱ አሥራ ሁለት ብር ልስጥዎት፤ ቴምብሩን ያውጡና ለልጆች ይስጧቸው» አላቸው። ጋሽ አባተ እልህ ይዟቸው መልሰው አመጡት።

ዓፋፍ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። እኔ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጓዳ ገብቼ ሳቅሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ደስታዬም ቢሆን ሦስት ቀን አልቆየም፤ ያ ሁሉ ጎረቤት አሁን ደግሞ «አይዞሽ» ሊላት ይመጣ ጀመር። ስታገኝም እሷ፣ ስታጣም እሷ።

አባባ «ሰው አገር የሚለፋ ልጅ ልቡ አይሰበር፣ ማንም እንዳይጽፍለት» ብለው አዘዙ። እኔም ዝም ብዬ ነበር። ከዚያ ያንተ ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛ አልበም ጀምረህላታል፤ ክፍያውን እስክትጨርስም ለአረፋ አትመጣም። አባባ አነበቡትና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እማዬ ለአንተ ያሰፋችውን አንሶላ ከአልጋው ላይ አነሳች።

ወንድም ጋሼ፣ ክፍያውን አቁም። ላንተ አዝኜ ብቻ ነው የምጽፈው ብል ውሸት ነው። ሁለተኛውም የእሷ መሆኑ አንገብግቦኛል። ብቀናም ግን የነገርኩህ እውነት ነው፤ ካላመንከኝ ጋሽ አባተን ጠይቃቸው። ለአረፋ ና። ለእኔ ሻሽም ሌላም አታምጣ። በሩን አልፈህ ስትገባ መጀመሪያ የእኔን ስም ጥራ፣ ይበቃኛል።

አባባ በየሶላታቸው ዱዓ ያደርጉልሃል። እማዬ ስምህ በተነሳ ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀራል። ትንሹ ሀምዳን ጥርሱ ወልቆ ስምህን በፉጨት ነው የሚጠራው። ዓፋፍ መጻፌን ስለማታውቅ ሰላም በይልኝ አላለችኝም። እንዳልጽፍላት አስቤ ነበር፤ ግን ይሁን። ዓፋፍም በጣም ሰላም ትልሃለች።

እህትህ ሙስሊማ ሙሐመድኑር
አሰብ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1988 ዓ.ም.