ድንጋይ በተነጠፈው ዳገት ላይ

ቤልጅግ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ አስካለ፣

ትናንት እያካፋ፣ ለሥራ ይዘውኝ ከመጡት ከእመቤቴ ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋር የብስክሌት እሽቅድምድም አየሁ። ተወዳዳሪዎቹ የሚወጡት ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ እንደ አገራችን እንደ ወገዳው ዳገት ቀጥ ያለ አቀበት ነው። የመጨረሻው ሰውዬ ሲንገዳገድ አላስቻለኝም። ጭነት የከበዳትን አህያ እንደምናግዛት፣ «አይዞህ ወንድሜ!» ብዬ ከኋላው ገፋሁት።

«ኧረ ተይ፣ አንቺ ሴት! መግፋት ክልክል ነው፤ ከውድድሩ ታስወጪዋለሽ!» አሉኝ እመቤቴ።

ዳኛ አላየንም። ሰውዬው ግን ፈገግ ብሎልኝ ወረደና፣ ከገፋሁት ቦታ በታች ተመልሶ፣ እያቃሰተ እንደገና ወጣው። ምን ያለው ኩሩ ነው!

ፖስታ ካርዱ ሞላብኝ፤ ባልሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ዛሬ ጠዋት ዘንቢሌን ይዤ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ሊያግዙኝ እጃቸውን ቢዘረጉልኝ፣ እጅ ነስቼ ብቻዬን ጨረስኩት።

ውብነሽ