ፊልትሮውን እኔ ቀየርኩት

አያሌውዬ፣

እንደምን አለህ ልበልህ? በሕይወት ላለ ሰው የሚባለውን ነው የማውቀው፤ ለአንተ የሚሆን ሌላ ሰላምታ ማንም አላስተማረኝም። ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ደህና ነገር ስላልነበረኝ ነው። ዛሬ አለኝ። መኪናህ ቅዳሜ ለታ የመንጌን ዳገት ወጣች። የነዳኋት እኔ ነኝ፤ ያዳንኳትም እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጅህ ዘነበች ሰባተኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷ አንተን ነው የያዘው። ማንጎው በዝቶ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አስቆረጥኩት። አሶሳን ብታያት አታውቃትም። አዲስ ክልል ሆነናል ተብሎ በየበራፉ የቢሮ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ የእህል መጋዘን የነበረው ሁሉ ቢሮ ሆኗል፤ ወንበር ያልደረሳቸው ሠራተኞች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ሲከፈት እኔም ተሰለፍኩ። ከሰልፉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ፈታኙ ልጅ እግር ነው፤ “እማማ፣ ለልጅዎ ነው ተራ የያዙት?” አለኝ። በሰፈራ ጣቢያው የትራክተር ማሳ ላይ ያስተማርከኝን ሁሉ ነዳሁለት፤ የኋላ ማርሹ ሳይቀር። ከመኪና ሲወርድ “እማማ” ማለቱን ትቶ “እትዬ” አለኝ።

ሙት ዓመትህ ወጥቶ ጥቁሬን ሳወልቅ ነው ላንድሮቨርህን ከማንጎው ሥር ያስነሣኋት። ዓመቱን ሙሉ አልተነካችም ነበር። ጎረቤታችን ሐዋ ማንጎዋን መንጌ ገበያ የሚያደርስላት አጥታ ስለነበር መጀመሪያ የጫንኩት የእሷን ነው፤ ከዚያ ሌሎቹም መጡ። አምስት ሳምንት ደህና ሠራን። በስድስተኛው መኪናዋን ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሜዳ ላይ ምንም የላትም። ዳገት ስትጀምር ትንቀጠቀጣለች፣ ትስላለች፣ ትቆማለች፤ ትንሽ ካረፈች ትነሣለች፣ ደግሞ ትቆማለች። በመጨረሻ የመንጌ ዳገት ወገብ ላይ ዝም ብላ ቀረች። በጭነት መኪና ተጎትታ ቤት ገባች። ያየልኝ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ዘጋው፤ “ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ሄዷል፤ አዲስ አበባ ካልተወሰደች ተስፋ የላትም” አለ።

ይኼን ወንድምህ ይመር ሰማ። በማግስቱ መጥቶ፣ “ለባምባሲው ሰውዬ ነግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ገመድ ይዞ መጥቶ ለብረቷ ይወስዳታል። አንቺም እፎይ ትያለሽ” አለኝ። ይመር ክፉ ሰው አይደለም። አንተ ከሞትክ ጀምሮ ለእኔ ማሰብ ሥራው ሆኗል፤ ማሰቡ ግን ሁልጊዜ ከእጄ አንድ ነገር በመውሰድ ያልቃል። መኪናዋ ከሄደች የእሱን ደጅ እያየሁ የምኖር ሴት እንደምሆን ገባኝ። አፍ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ዝምታዬን እሺታ አድርጎት ሄደ።

ያን ዕለት ስለ ፖምፓው ሳይሆን ስለ አንተ ሳስብ ዋልኩ። መኪና ሜዳ ላይ ሄዳ ዳገት ላይ ስትቆም “ናፍጣ ጠምቷት ነው፤ ጉሮሮዋን እዩላት” ትል ነበር። የፖምፓን ስም አንስተህ አታውቅም። ሐሙስ ጠዋት ከአልጋው ሥር የብስኩት ጣሳህን ጎትቼ አወጣሁ። ቁልፎችህ፣ ካቻቢቴህ፣ አሮጌ የሞተር ሻማዎች፤ ከሥር ደግሞ በጋዜጣ የጠቀለልከው አዲስ ፊልትሮ፣ የናፍጣው ማጣሪያ። ጋዜጣውን ሳላነብ አልጣልኩትም። ግድግዳችን ላይ በለጠፍካቸው ጋዜጦች ፊደል እንደቆጠርኩ ረሳህ? ግማሹን ዘቅዝቀህ ለጥፈህብኝ አንገቴን ጠምዝዤ ነው ማንበብ የተማርኩት። በፊልትሮው ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት ግን በፈረንጅ ቋንቋ ነው። ደግነቱ ሥዕል አለው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። የመጨረሻውን ጥግ አይጥ በልታዋለች።

ኮፈኑን ከፍቼ ወረቀቱን በድንጋይ አስያዝኩት። ሥዕሉ ላይ ያለችው ጽዋ የመሰለች ነገር ከሞተሩ ጎን ተንጠልጥላ አገኘኋት። ከሥሯ የዘነበችን መታጠቢያ ሳፋ አስቀመጥኩ። ከአናቷ ያለው ቡሎን አልላላም ብሎኝ ቁልፉን በድንጋይ መታ መታ ሳደርገው ለቀቀ። ጽዋዋ እጄ ላይ ወረደች፤ ናፍጣው እስከ ክንዴ ፈሰሰ። አሮጌው ፊልትሮ ጭቃ ነገር ለብሷል። ጭቃውን በጥፍሬ ስፍቀው ጥቁር ክር ወጣ። ደግሞ ስፍቀው ሌላ ክር። ክሩን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ የማላውቀው ክር አልነበረም። የራሴ ሻሽ ነው።

አያሌውዬ፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ከሳቁም ቀጥሎ የሚመጣው መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺን ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ በግቢው ምስማር ላይ ሰቅለሃት፣ ከበርሜል ናፍጣ ስትቀዳ በእሷ እንደምታጠልል አውቅ ነበር። ውሃውንም ቆሻሻውንም ይዛ ታስቀራለች ትል ነበር። በአርባህ ሴቶቹ ልብስህን ለነዳያን ሲለዩ “ባርኔጣውም የሟች ነው፤ ቤት አይቀርም” አሉ። ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥቤ ለቤተክርስቲያኑ ዘበኛ ለአባ ተሰማ ሰጠሁ። ዓመቱ ወጥቶ መኪናዋን ሳስነሣ ማጥለያ የለኝም። ያን ቀን ከራሴ ያወረድኩት ጥቁር ሻሽ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ፀሐይ የበላው፣ ሲነኩት የሚበን። ከሌላ ጨርቅ ይልቅ እሱ ለመኪናህ የሚገባ መሰለኝና በእሱ አጠለልኩ። ናፍጣ በቀዳሁ ቁጥር ክሩን እያጠጣኋት ኖሯል።

ከዚያ ተነሣሁ። የታንከሯን ቡሎን ከሥር ፈትቼ ዝቃጩን ሁሉ አስወጣሁ። ጽዋዋን በንጹሕ ናፍጣ አጠብኩ፤ አዲሱን ፊልትሮ አገባሁ፤ የላስቲክ ቀለበቶቹን በሥዕሉ ተራ አስተካክዬ ቡሎኑን አጠበቅሁ። አዲስ ናፍጣ በሻሽ ሳይሆን በዘነበች ወፍራም የሱፍ ሹራብ አጥልዬ ሞላሁ። ዓርብ ረፋዱ ላይ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሣም። ደግሜ አዞርኩ። ይመር ይኼን ጊዜ ነው በበሩ የገባው። ሳፋውን አየ፣ እጄን አየ፣ “ብርቄ፣ የወጥ ድስት መሰለሽ እንዴ? ለነገው ሰውዬ ትርፍራፊዋን እንኳ ተይለት” አለኝ። እኔ አይጥ የበላችውን የወረቀት ጥግ ነበር የማየው። አንድ ሥዕል ጎድሎኛል።

ትዝ ያለኝ የዳቡስ ወንዝ ዳር ነው። ዘነበች የአራት ወር ልጅ ሆና እቅፌ ላይ፣ አንተ ፊልትሮ ቀይረህ መኪናዋ አልነሣ ስትል። እኔ ልጅቷን አጥብቼ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጀርባዋን ስመታላት አይተህ፣ “ይቺም እኮ አየር ስለዋጠች ነው፤ እንደ ልጅሽ ማስገሳት ነው” አልከኝ። ዘነበች ስታገሳና መኪናዋ ስትነሣ አንድ ላይ ሆነ፤ አንተ ለሦስት ቀን ላገኘኸው ሰው ሁሉ ስታወራው ከረምክ።

ከፊልትሮው አናት ያለችውን ትንሽ ቡሎን አላላሁ። ከሞተሩ ጎን ያለችውን ናፍጣ መግፊያ ምላስ፣ ዳቡስ ላይ አውራ ጣትህን ባየሁበት ቦታ፣ በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ወደ ታች አልኳት። አረፋ ተንተከተከ። ቀጠልኩ። አውራ ጣቴ ሊገነጠል ሲደርስ አረፋው አለቀና ናፍጣው ጠርቶ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። ቡሎኗን አጠበቅሁ፤ መኪናዋ ላይ ወጥቼ ቁልፉን አዞርኩ። አንድ ጊዜ አስነጠሰች፣ ሁለተኛ አስነጠሰች፣ ከዚያ ያ የምታውቀው ድምፅ ግቢውን ሞላው። ሐዋ ከአጥሩ ማዶ፣ “ብርቄ፣ መኪና ተነሣ? አልሐምዱሊላሂ። ነገ የኔ ማንጎ በሱ ነው የሚሄድ” ስትል ሰማሁ። ይመር አጠገቤ ቆሞ ነበር። ብዙ ነገር ማለት ሲችል “ጭሷ ንጹሕ ነው” ብቻ አለ።

ቅዳሜ የባምባሲው ሰውዬ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። እኔ ማንጎ ጭኜ መሪው ላይ ተቀምጬ ነበር። ለእሱ የሚነግረው ይመር ነው፤ እንዴት እንደነገረው አልሰማሁም፣ ሞተሩ ይጮሃል። ብቻ ሰውዬው ገመዱን ይዞ ሲመለስ፣ ይመር ከኋላ ከማንጎው ጆንያ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ዳገቱ ላይ ብትቆም ለመግፋት እንደሆነ ነገረኝ። የቆመችበት ቦታ ስንደርስ ሐዋ ከጎኔ ሆና ዱዓ ማድረግ ጀመረች፤ እኔ ማርሽ ቀነስኩ። አልሳለችም። አልተንቀጠቀጠችም። አናቱ ላይ ስንደርስ ከኋላ “ወጣች እኮ፣ ብርቄ፤ ወጣች” የሚል የወንድምህን ድምፅ ሰማሁ።

ከገበያው አዲስ ባርኔጣ ገዝቼ ተመለስኩ። ቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር አባ ተሰማ ተቀምጠው ነበር። የመጣሁበትን ሳልናገር ሞተሩን ሰምተው የአንተን ባርኔጣ ከራሳቸው አወረዱ። “ልጄ፣ ስንት ዝናብ መታው መሰለሽ፤ ናፍጣው አልለቀቀም። ቅዳሴ ላይ ሰው ከአጠገቤ ይሸሻል” አሉኝ። አዲሱን አድርጌላቸው የአንተን ይዤ መጣሁ።

አሁን ይኼን ስጽፍ ባርኔጣህ ግቢው ውስጥ ከድሮው ምስማር ላይ ነው። ሌላው ልብስህ ሁሉ ለነፍስህ ሄዷል፤ እሱ ይቀራል። ናፍጣ በቀዳሁ ቁጥር በእጄ እይዘዋለሁ፤ ዳገት በጀመርኩ ቁጥር ስምህን በሆዴ እጠራለሁ። ልጅህ መንዳት ስትደርስም መጀመሪያ የማስተምራት ማስነሣቱን አይደለም፤ ማስገሳቱን ነው፤ የማን ነገር እንደሆነም እነግራታለሁ።

ብርቄህ
አሶሳ