ሰንጢህና የዘምዘም ፊደላት

ለሰይዴ፣ ለልጄ አባት፤

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይህን የምጽፍልህ እኔው በገዛ እጄ ነው። ማንንም አላስቸገርኩም። ፊደሌ ይንጋደዳል፣ መስመሩም ቁልቁል ይወርድብኛል፤ ቢሆንም የራሴ ነው። ከማን እንደተማርኩት አንተ ታውቃለህ።

ቤቱ ደህና ነው። አንተ የሰቀልከውን በር ምስጥ ጨርሶት በቆርቆሮ በር ቀየርኩት። አዲሱ በር ሲዘጋ ይጮሃል፣ እስካሁን አልለመድኩትም። የመኝታው ግድግዳ ከጎርፉ ወዲህ ተሰንጥቆ ነበር፣ ወንድምህ መጥቶ መረገልኝ። ሰንጢህ ግን እንዳለ ነው። አልፎ አልፎ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ዝገት እንዳይበላው።

ከዋጃ ይዘኸው የመጣህ ቀን ትዝ ይለኛል። ጥቁር እጀታ፣ ሁለት ስለት፣ ትንሽ መጋዝ፣ ወስፌ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ነገር፤ ሁሉም ተጣጥፎ እጀታው ውስጥ ይገባል። «ይሄ ሁሉ ለምንህ ነው?» ስልህ፣ «መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ሙሉ ሱቅ ነው፣ ያውም ኪስ የሚገባ» ብለህ ሳቅክ። የጭነት መኪና ሹፌር አይደለህ፤ ገመድ ትቆርጥበታለህ፣ ብርቱካን ትልጥበታለህ ብዬ ተውኩት። እንጨት መጥረብ ያስጀመረችህ ዘምዘም ናት።

ልጃችን ገና ዳዴ ስትል ኩፍኝ ይዟት ነፍሷ ተረፈች፣ ዓይኗ ግን ጠፋ። ከፍ ስትል የጎረቤት ልጆች ደጃችን ላይ ተቀምጠው «ሀ ሁ» ሲሉ እየሰማች አብራ ትላለች። አንድ ቀን «አባ፣ ሀ ምን ይመስላል?» አለችህ። ጣቷን ይዘህ አሸዋ ላይ ጻፍክላት። ስትዳስሰው ፈረሰ። እንደገና ጻፍክላት፣ እንደገና ፈረሰ። «የለም! ምንም የለም!» ብላ አለቀሰች። አንተ ወጥተህ መኪናህን ስትጠርግ ዋልክ።

በቀጣዩ ጉዞህ ሮቢት ላይ ጭነቱ እስኪራገፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ «ሀ»ን ከግራር ልትጠርብ ሞከርክ። ግራሩ እምቢ አለህ። ኋላ ዋንዛ አገኘህ፣ እሱ እሺ አለህ፤ የፊደሉ እግር ግን እየተሰበረ አስቸገረህ። የ«ለ» አንዱ እግር ሲያልቅ ሌላው እጅህ ላይ ይቀራል። ብልሃቱን እስክታገኘው ስንት እንጨት እንዳባከንክ ከኪስህ የማራግፈው ፍቅፋቂ ምስክር ነው። በመጨረሻ ፊደሉን ለብቻው ማውጣቱን ተውክ፤ በትንሽ ጣውላ ላይ ስለህ፣ ዙሪያውን በትንሹ ስለት እየፋቅክ ዝቅ አደረግከው፣ ፊደሉም ከፍ ብሎ ቀረ። የ«ዐ»ን ሆድ በወስፌው ጎረጎርክ። ስንጥር ጣቷን እንዳይወጋት በጠርሙስ ስባሪ አለሰለስከው።

ከዚያ ወዲህ መኪናህ የቆመችበት ሁሉ መሥሪያ ቤትህ ሆነ። ጎብዬ አንድ ፊደል፣ ዋጃ ሌላ። ታላቅ ወንድምህ «ለማታይ ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ሲልህ ቀና ሳትል «ስሟን ታውቅበታለች» አልከው።

አንተ ሰሌኑ ላይ ጣቷን እየመራህ ስታስተምራት እኔ አጠገባችሁ ምስር እለቅማለሁ። ጆሮዬ ግን ከእናንተ ጋር ነበር። ሳልነግርህ አወቅክብኝ። አንድ ቀን አንዷን ጣውላ መዳፌ ላይ አኑረህ፣ «ዘሃራ፣ ይቺ ‹ዘ› ናት። ያንቺም የልጅሽም መጀመሪያ» አልከኝ። እኔ ዓይን እያለኝ ያላየሁትን ፊደል በጣቴ ጀመርኩ።

ኋላ አንድ አስተማሪ ቤታችን መጥቶ ማየት የተሳናቸው ልጆች ደሴ ላይ እንደሚማሩ ነገረን። እዚያ የሚነበበው ነጠብጣብ እንጂ እንዲህ ያለ ፊደል አይደለም ሲል፣ ያ ሁሉ ድካምህ ከንቱ ቀረ ብለህ ታዝናለህ ብዬ ፊትህን ሸሸሁ። አንተ ግን ፈገግ ብለህ «ጣቷ ማንበብ ለምዷል፤ ነጠብጣቡ አያቅታትም» አልክ። ራስህ ወስደህ አስገባሃት። ስትመለስ መኪናውን ደጅ አቁመህ አልወርድ አልክ። ውሃ ይዤልህ ብመጣ «መቀመጫዋ ባዶ ሆኖ መንገዱ ረዘመብኝ» አልከኝ። ያን ቀን ከአንተ ጎን ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ከአፋር በኩል ይዘኸው የመጣኸው ትኩሳት ብዙ ጊዜ አልሰጠንም። አንተን ከቀበርን በኋላ ለዘምዘም የምነግራት እኔ ነበርኩ። እስከ ደሴ ድረስ ቃሉን ስፈልግ ሄድኩ። ከክፍል ጠርተውልኝ ስትወጣ ኮቴዬን ለየችው። እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰችው፣ እንባዬን አገኘችው። «አባ ነው?» አለችኝ። እሱ ነው አልኳት።

ደስ የሚልህን ልንገርህ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ክረምቱን ከእኔ ጋር ናት፣ ቁመቷ እኔን አልፏል፣ ሳቋ የአንተው ነው። ስትስቅ አንዳንዴ ዘወር እላለሁ።

ባለፈው ጁምዓ ደጅ ተቀምጠን ሳለ «እማ፣ የአባን ፊት በእጄ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «አፍንጫውን፣ ጢሙን፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ። ግን ከሩቅ ሲመጣ ምን ይመስል ነበር? እሱን በእጅ አይነኩትም።»

ነገርኳት። ከአስፋልቱ ወርደህ በማሽላው መሃል ስትመጣ ከሁሉ አስቀድሞ ነጭ ቆብህ ብቻ እንደሚታይ፤ ኮትህን በአንድ ትከሻህ እንደምትጥል፤ ራስህን ወደ ግራ ዘንበል እንደምታደርግ፤ ደጃችን ሲቀርብ ደግሞ አንተ ሳታውቀው እርምጃህ እንደሚፈጥን።

«ይፈጥናል?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ» አልኳት።

ሰይዴ፣ ያንን አካሄድህን ከደጃችን ቆሜ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ ጋር አፈር አይገባም። ለልጅህ እየደጋገምኩ እነግራታለሁ፣ ብትወልድ ለልጆቿም እነግራለሁ። አላህ ቀብርህን ያብራልህ። እኔ አልረሳህም፤ ማሽላው ከፍ ባለ ቁጥር መንገዱን አያለሁ።

ያንተው ዘሃራ
ከቆቦ