ባዶውን የሚመለሰው ታንኳ

ልጄ ማሲና፣

የኦክላንድ ብርድ አጥንትሽ ጋ ሳይደርስ አምላክ በሙቀቱ ይሸፍንሽ። ካልሲ ታደርጊያለሽ? እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ያፈሳል። አክስትሽ ሉሴ እኛው ጋ ጠቅልላ ገብታ ከጠዋት እስከ ማታ ታወራለች።

አባትሽ ግን አዲስ አመል አውጥቷል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መረቡን አንጠልጥሎ በታንኳ ይሄድና ባዶ እጁን ይመለሳል። ዓሣ አጥማጅ «ወዴት ነህ?» ከተባለ ዓሣው ይሸሻል፤ ስለዚህ አፌን ይዤ ከረምኩ። ሐሙስ ዕለት ግን ቀድሜው ታንኳው ላይ ቁጭ አልኩ።

ውሃው ዳር ካሉት ዛፎች ጥላ ሥር ሲደርስ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ጋደም አለ። መረቡን አልነካውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣውስ?»

«የምን ዓሣ? ከእህትሽ ወሬ ላርፍ ነው የመጣሁት። እስቲ ዝም በይና ስሚ።»

ልሰድበው አፌን ስከፍት፣ ውሃው ታንኳውን ቀስ እያለ ሲነካው ሰማሁ። ሌላ ምንም የለም። ስድቡ ከአፌ ጠፋ። እኔ እናትሽ፣ እስኪመሽ ዝም አልኩ!

አሁን አብረን ነው የምንሄደው። ሉሴ ግን «ሁለት ሆናችሁ አንድ ዓሣ ካቃታችሁ፣ እኔም ልጨመር» ብላ ባርኔጣዋን አዘጋጅታለች።

የኔ ልጅ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። እኔን ተይኝ፤ ከሰዓት በኋላ ለአክስትሽ ደውይላት። ረጅም ወሬ ትወዳለች።

እናትሽ