ደንባችን ለሞተ ሰው ነው አሉኝ

ልጄ አስናቀ፣ የደብረ ታቦር ኢየሱስ ባለህበት ከክፉ ይጠብቅህ። ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም። እህትህ ስመኝ አረብ አገር ከአሠሪዎቿ ፎቅ ወድቃ ከመጣች ወዲህ ከወገቧ በታች ሽባ ናት፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል ቀን ከሌት የማገላብጣት እኔ ነኝ።

እሑድ የእድራችን ሰዎች ለፍራሽ እንዲያዋጡላት ብለምን፣ ዳኛው አቶ እሸቴ «ደንባችን ለሞተ ሰው ነው» አሉኝ። «እንግዲያው ገድያት ልምጣ?» ብያቸው ወጣሁ። ስትሞት ድንኳን የሚተክሉላት ሰዎች በሕይወት ሳለች ፍራሽ ይንፈጓት? አክስትህ ደግሞ «ተይ፣ የራስሽን ቀብር አታበላሺ» ትለኛለች። ቀብሬ ገደል ይግባ!

እጅህን እግዜር ይባርከው ልጄ፤ ለእኔ እድር ብለህ የምትልከውን ከእንግዲህ ለእሷ አስታማሚ አድርግልኝ። እኔ ስሞት የሚቀብረኝ አላጣም። በማግስቱ እሷን ማን ያገላብጣታል?