አዝማቹን አንድ ቦታ መጻፍ

ለተወደዱት አባቴ፣ ለአቶ ፈቃዱ

አባዬ፣ የጌታ ሰላም ከቤትዎ አይጉደል። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ዝናቡ ሲያባራ ሕመሙ ቀለል አለልዎ? እማዬስ ዓይኗን ታየች? መዘምራኑስ ያለ እርስዎ ቁጣ ልምምድ ይጀምራሉ? እኔ እዚህ ወልቂጤ ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው።

ባለፈው ቡታጅራ ስመጣ ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ጠይቀውኝ ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ ብቻ ብዬዎት ነበር። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ መዋልም ሥራ ሆነ ወይ ብለው ሳቁብኝ። አሁን አንድ ጥፋት አጥፍቼ መልሱን አገኘሁት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ለአንድ ክሊኒክ የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ዘጠኝ ገጽ አለው፤ አንዱ የነርሷን መዝገብ ያወጣል፣ አንዱ ለእናቶች የሚሰጠውን ካርድ ያትማል፣ ሌሎቹም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ሁሉም ቀን መቁጠር ስላለባቸው ቀን የሚቆጥረውን ኮድ አንዴ ጽፌ በዘጠኙም ላይ ገለበጥኩት። ያለፈችው ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋ ባለ ስድስት ቀኗ መሆኗን ያስታወስኩት ዘግይቼ ነው። በየገጹ እየዞርኩ አምስቱን ስድስት አደረግሁ። ስምንቱን አርሜ ዘጠነኛዋን ረሳኋት፤ እሷም ካርዱን የምታትመው ነበረች።

መስከረም ሦስት የማተሚያውን ቀለም ልቀይር ክሊኒኩ ስደርስ ነርሷ ሰገነት አንዲት እናት ላይ ትቆጣለች። ደብሪቱ ትባላለች፤ ልጇን አዝላ ከሩቅ፣ ከአረቅጥ ነው የመጣችው። መዝገቡ ቀጠሮዋ ትናንት ነበር ይላል፣ ካርዷ ደግሞ ዛሬ ነው ይላል። ሌሎች አራት እናቶችም ተመሳሳይ ካርድ ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል። ሰገነት ካርዱን ሳታይ የክትባቱ ብልቃጥ የሚከፈተው በቀጠሮ ቀን ብቻ ነውና በሌላ ሳምንት ተመለሱ አለቻቸው። ደብሪቱም ተሳስቼ አንብቤ ይሆናል ብላ ይቅርታ ጠየቀች። አባዬ፣ አለቃዬ ራምዚ እንዳያባርረኝ ፈርቼ ዝም ብዬ ልወጣ ነበር። ያን ይቅርታ ስሰማ ግን አፈርኩ። ካርዱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሰገነት ካርዶቹን ሰብስባ አየች፤ ከዚያ ለአምስቱም ልጆች ብልቃጡን ከፈተችላቸው።

ቢሮ ስመለስ የመዝሙር ደብተርዎ ትዝ አለኝ። አዝማቹን አንዴ ከላይ ይጽፉና ከየስንኙ በኋላ «አዝ» ብቻ ይላሉ፤ ቃል ሲቀየር የሚያርሙት አንድ ቦታ ነው። እኔም ቀን ቆጣሪውን ለብቻው በአንድ ፋይል አስቀምጬ ስሙን አዝማች አልኩት። በዘጠኙ ገጾች አናት ላይ አዝማችን አስገባ የምትል አንዲት መስመር ብቻ ቀረች። ኮምፒውተሩ እዚያ ሲደርስ ፋይሉን ያመጣና እዚያው እንደተጻፈ አድርጎ ያነበዋል። ከዚያ ጉጉቴ አላስቀምጥ አለኝ፤ አዝማቹ ውስጥም አዝማችን አስገባ ብዬ ብጽፍስ? ሞከርኩት። ማሽኑ ጥቂት ዞሮ አሻፈረኝ ብሎ ቆመ። የእርስዎ መዘምራን ቢሆኑ እስኪመሽ ይዘምሩ ነበር።

አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አዝማቹ ራሱ ስህተት ቢሆን ደብተርዎን ማን ያይልዎታል? የእኔን ራምዚ አየልኝ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር አብሮኝ አነበበ።

የደብሪቱ ቀጣይ ቀጠሮ በነበረበት በጥቅምት አንድ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ካርዱም መዝገቡም አንድ ቀን ይላሉ። ደብሪቱ ግን ከመግባቷ በፊት ካርዷን ዘርግታልኝ ይሄስ የዛሬ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ይኸውልዎ አባዬ፣ ሥራዬ ያቺን አዎ እውነት ማድረግ ነው።

እማዬን ይሳሙልኝ፤ መነጽሯን ታድርግ። ወንድሜን አቤኔዘርን ብስክሌቴን እንዳያበድር ይንገሩልኝ። እትዬ ብርቄን ስለ ላኩልኝ ቆጮ ያመስግኑልኝ።

ልጅዎ ሕይወት
ወልቂጤ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
ቀኑን በጣቴ ቆጥሬ ነው የጻፍኩት።